ፊት እንደ ፊርማ፦ የማኦሪዎች ንቅሳት በታሪክ ውስጥ

ንቅሳት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል አንገቷን በመሥመር በመሥመር የተነቀሰች፣ ድዷን ያጠቆረች፣ ወይም በግንባሯ ላይ የመስቀል ምልክት ያስነቀሰች ሴት በየአጥቢያው ትታይ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በዕድሜ በገፉት እናቶች ዘንድ ይኸው ምልክት ጨርሶ አልጠፋም። ንቅሳቱ ለአንዷ ጌጥ፣ ለሌላዋ የሃይማኖት ምልክት፣ ለሦስተኛዋም የእንቅርት መድኃኒት ነበር። ከተሞች እየሰፉ፣ ዘመናዊ ትምህርትም እየተስፋፋ ሲሄድ ግን፣ በልጃገረድነት ዘመናቸው ያጌጡበትን ምልክት በሻሽና በነጠላ የሸፈኑ፣ በሴት ልጆቻቸው ላይም እንዳይደገም የከለከሉ እናቶች ጥቂት አይደሉም። በዚህ ሁሉ መካከል በቆዳው ላይ ያለው መሥመር እንደነበረ አለ፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ከዚህ ትዝብት አንድ ሰፊ የታሪክ ጥያቄ ይመነጫል። ሰው በገዛ አካሉ ላይ የሚያኖረው ምልክት ትርጉሙን የሚያገኘው ከማን ነው? ከባለቤቱ ነውን? ከወገኑ ነውን? ወይስ በላዩ ላይ ሥልጣን ከያዘው ኃይል? በአሁኑ ዘመን ንቅሳትም ሆነ ሌላው አካልን የመለወጥ ልማድ ሁሉ ራስን የመግለጫና የማኅበራዊ ጫና መቃወሚያ መሣሪያ እንደ ሆነ በብዙ ይነገራል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ምልክቱ በራሱ ተቃውሞ አይደለም። ተቃውሞ የሚሆነው ሌላ ወገን በባለቤቱ ቆዳ ላይ የማዘዝ መብት አለኝ ብሎ ሲነሣ ነው። ይህን ሐሳብ ከሥሩ ለመመርመር፣ በጽሑፍ፣ በሥዕልና በፎቶግራፍ ማስረጃ የበለጸገውን፣ የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የማኦሪዎችን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞኮ ምን ነበር?

ማኦሪዎች ከፖሊኔዥያ ደሴቶች በታንኳ ተጉዘው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ ዛሬ ኒውዚላንድ፣ በእነርሱ ቋንቋ አኦቴአሮአ በሚባለው አገር የሰፈሩ ሕዝብ ናቸው። የንቅሳትን ጥበብ ከአባቶቻቸው ምድር ይዘው መጡ፤ በአዲሱ አገራቸው ግን የራሱ የሆነ መልክ ሰጡት፤ ስሙንም ሞኮ አሉት። ሌላው የፖሊኔዥያ ንቅሳት ቆዳን እየወጋ ቀለም የሚያስገባ ሲሆን፣ የፊት ሞኮ ግን ቆዳን እንደ እንጨት የሚቀርጽ ነበር። ነቃሹ፣ ኡሂ የሚባለውን፣ ከትልቅ የባሕር ወፍ አጥንት የተሠራ ትንሽ መሮ ቀለም አስነክሮ በፊት ላይ ያሳርፍና በትንሽ መዶሻ ይመታዋል። ቁስሉ ሲድን በጣት የሚዳሰስ ቦይ በፊቱ ላይ ይቀራል። ቀለሙ ከተቃጠለ የዛፍ ሙጫ ጥላሸት ይዘጋጅ ነበር። ሥራው በየጊዜው እየተከፈለ የሚፈጸም ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ተነቃሹ በሥርዓቱ የተለየና የተቀደሰ ሰው ስለሚሆን ምግብ በእጁ አይነካም፤ ከንፈሩም ስለሚያብጥ፣ አፉ ላይ በሚደገን፣ ከእንጨት በተቀረጸ ማንቆርቆሪያ ፈሳሽ ምግብ ይሰጠው ነበር።

የተከበሩ ወንዶች ከግንባር እስከ አገጭ ፊታቸውን ሁሉ፣ ደግሞም ዳሌአቸውንና ጭናቸውን ይነቀሱ ነበር። የሴቶቹ በከንፈርና በአገጭ ላይ የሚያርፍ ሲሆን፣ ሞኮ ካዋኤ ይባላል። የአንዱ ሰው ሞኮ ከሌላው አይገጥምም፤ የትውልድ ሐረጉ፣ ማዕርጉና የፈጸመው ገድል በመሥመሮቹ ይነበባል። ነቃሹም እንዲሁ የእጅ ባለሙያ ብቻ አልነበረም፤ ቶሁንጋ፣ ማለትም የትውፊትና የሥርዓት ዐዋቂ ነበር እንጂ።

ስለ ጥበቡ አመጣጥ የሚነገረው ትውፊትም አስተማሪ ነው። ማታኦራ የሚባል አለቃ ሚስቱን ኒዋሬካን መታት ይላል ትውፊቱ። እርሷም ተቀይማ ከምድር በታች ወዳለው ወደ አባቷ አገር ተመለሰች። ማታኦራ ተጸጽቶ ሊፈልጋት ቢወርድ፣ አባቷ ኡኤቶንጋ ሰው ሲነቅስ አገኘው። የማታኦራ የፊት ጌጥ በቀለም የተቀባ ብቻ ነበርና፣ አማቱ በእጁ ጠርጎ አጠፋበት፤ የተሰበሰበውም ሁሉ ሣቀበት። ከዚያ በኋላ ማታኦራ ሥቃዩን ችሎ እውነተኛውን ሞኮ ተነቀሰ፤ ሚስቱም ይቅር አለችው፤ ጥበቡንም ይዘው ወደ ላይኛው ዓለም ተመለሱ። እንግዲህ በማኦሪዎች አስተሳሰብ ሞኮ በእጅ ተጠርጎ ከሚጠፋ ጌጥ የተለየ፣ ዋጋ የተከፈለበትና ከጸጸት በኋላ የተገኘ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ጥንታዊውን ሥርዓት ከሚገባው በላይ ማሞገስ አይገባም። ሞኮ የእኩልነት ምልክት አልነበረም። ባለ ሙሉ ሞኮ አለቃና በጦርነት የተማረከ ባሪያ በፊታቸው ብቻ ይለዩ ነበር። በመነሻው ሞኮ ሥርዓቱን የሚቃወም ቀርቶ ሥርዓቱን ተሸክሞ የሚያቆም ዓምድ ነበር።

ፊት ሸቀጥ ሲሆን

የእንግሊዙ መርከበኛ ጄምስ ኩክ በ1769 ኒውዚላንድ ሲደርስ፣ አብሮት የነበረው ሠዓሊ ሲድኒ ፓርኪንሰን የማኦሪዎችን ፊት በጥንቃቄ ሣለ። ሥዕሎቹም በአውሮፓ ታላቅ መደነቅን አስከተሉ። መደነቁ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ መመኘት ተለወጠ።

ማኦሪዎች የሚወዱትን ዘመዳቸውን ወይም አለቃቸውን ራስ በጢስና በፀሐይ አድርቀው የማቆየት ልማድ ነበራቸው። እንዲህ ያለው ራስ በቤተሰቡ ዘንድ በክብር ይጠበቃል፤ በልቅሶና በታላላቅ በዓላት ጊዜም ይወጣል። የጠላት ራስም እንዲሁ ይደርቅ ነበር፤ ይህኛው ለመሳለቂያ፣ ኋላም ለዕርቅ ድርድር ያገለግላል። ከኩክ ጋር የነበረው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጆሴፍ ባንክስ በጥር 1770 አንድ የደረቀ ራስ በአሮጌ የበፍታ የውስጥ ሱሪ ለወጠ። በታሪክ የተመዘገበው የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ግብይት ይኸው ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጠብመንጃ ወደ አገሩ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ጠብመንጃ የያዘ ነገድ ያልያዘውን ያጠፋ ጀመር፤ ያልያዘውም ለመዳን ያለው መንገድ ጠብመንጃ መግዛት ብቻ ሆነ። የአውሮፓ ነጋዴዎች ደግሞ ለቤተ መዘክርና ለግል ስብስብ የሚሆን የተነቀሰ ራስ ይፈልጉ ነበር። የጦር ሜዳው የሚያቀርበው ራስ ፈላጊውን ማርካት ሲያቅተው፣ በሕይወት ያሉ ባሮች ለሽያጭ ብቻ ተብሎ እየተነቀሱ ይገደሉ ጀመር። የኒው ሳውዝ ዌልስ አገረ ገዢ ራልፍ ዳርሊንግ በሚያዝያ 1831 ይህ ንግድ በቅኝ ግዛቱ በኩል እንዳይካሄድ በዐዋጅ እስኪከለክል ድረስ፣ እጅግ ብዙ ራሶች ወደ አውሮፓ ተሻግረው ነበር።

በአካል ላይ ያለ ምልክት ሁሉ ራስን መግለጽ ነው የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ ይወድቃል። ለሽያጭ በተነቀሰው ባሪያ ፊት ላይ መሮው ያው መሮ፣ ቅርጹም ያው ቅርጽ ነበር፤ ፊቱ ግን የባለቤቱን ቃል አልተናገረም። ፈቃድ የሌለበት ምልክት፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የሌላ ሰው ማኅተም ነው።

ፊት ሲፈርም

ራሶች እንደ ሸቀጥ በሚሸጡበት በዚያው ዘመን፣ በሕይወት ያሉ አለቆች ፊት ደግሞ ሌላ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። በኅዳር 1819 ታላቁ የጦር አለቃ ሆንጊ ሂካ በኬሪኬሪ የሚገኝ 13,000 ኤከር መሬት ለእንግሊዝ ሚስዮናውያን ማኅበር በ48 መጥረቢያ ሲለቅ፣ በውሉ ወረቀት ላይ የፊቱን ሞኮ በብዕር ሣለ። ሚስዮናውያኑም ይህን እንደ ሕጋዊ ፊርማ ተቀበሉት። ቴ ፔሂ ኩፔ የሚባለው አለቃ በ1826 በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ሳለ፣ መስተዋት ሳይመለከት የፊቱን ሞኮ መሥመር በመሥመር በወረቀት ላይ አስፍሯል። ነጭ ሰው ስሙን በብዕር እንደሚጽፍ፣ የእርሱ ስም ግን በግንባሩ ላይ እንዳለ ለአስተናጋጆቹ አስረዳቸው። የልጁንና የወንድሙንም ሞኮ ከቃሉ ሣለላቸው።

የዚህ ፊርማ ታላቁ ቀን የካቲት 6 ቀን 1840 ነበር። በዋይታንጊ፣ በእንግሊዝ ዘውድና በማኦሪ አለቆች መካከል ውል ተፈረመ፤ ሰነዱም በሚቀጥሉት ወራት በአገሩ እየዞረ ከ500 የሚበልጡ አለቆች ፈረሙበት። ከፈራሚዎቹ አንዳንዶቹ በመስቀል ምልክት ፈንታ ከሞኮአቸው የተወሰደ ቅርጽ ሣሉ። ውሉ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነበር፤ የሁለቱም ቃል አልገጠመም። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አለቆቹ ሉዓላዊነታቸውን ሁሉ ለንግሥቲቱ እንደ ለቀቁ ይናገራል። ከጥቂቶች በቀር አለቆቹ ሁሉ የፈረሙበት የማኦሪኛው ጽሑፍ ግን ንግሥቲቱ የአስተዳደር ሥልጣን እንድትይዝ፣ አለቆቹም በመሬታቸው፣ በመንደራቸውና በሀብታቸው ሁሉ ላይ ያላቸው የአለቅነት ሥልጣን እንዲጸና ይደነግጋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው ሲነበብ ፈቃድን፣ በጣልያንኛው ሲነበብ ግዴታን እንደ ተናገረ ማንም ያስታውሳል። ኢትዮጵያ ያንን ልዩነት በዓድዋ ዘጋችው። ማኦሪዎች ግን ዓድዋ አልነበራቸውም። በ1850ዎቹ መጨረሻ የሰፋሪዎቹ ቍጥር ከነባሩ ሕዝብ በለጠ፤ መሬትም አልሸጥም ያለው ሁሉ እንደ ዐመፀኛ ይቈጠር ጀመር።

በዚህም ምክንያት በርካታ ነገዶች ተባብረው በ1858 ፖታታው ቴ ፌሮፌሮን ንጉሥ አድርገው አነገሡ። ዓላማቸው መሬቱን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቦ ከሽያጭ ማዳን ነበር። ልጁ ታፊያኦ በ1860 ዙፋኑን ወረሰ። በሐምሌ 1863 የእንግሊዝ ጦር ዋይካቶ የተባለውን የንጉሡን ግዛት ወረረ፤ ከዚያም 1.2 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት በሕግ ስም ተወረሰ።

በሚስዮናውያን ስብከት ምክንያት የወንዶች ሞኮ ከዚያ ቀደም ብሎ እየቀነሰ ነበር፤ ሰባኪዎቹ በሥጋ ላይ ምልክት ማድረግን የሚከለክለውን የኦሪት ቃል እየጠቀሱ ልማዱን ያወግዙት ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ግን ሞኮ በአንዳንድ ስፍራ እንደ ገና አንሠራራ። ከዚህ በኋላ ትርጉሙ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ቀድሞ አንዱን ማኦሪ ከሌላው ማኦሪ ይለይ የነበረው ምልክት፣ አሁን ማኦሪነትን ራሱን የሚመሰክር ሆነ። ንጉሥ ታፊያኦ በ1884 ስለ ተወሰደው መሬት ለንግሥት ቪክቶሪያ አቤት ለማለት ለንደን ሲገባ፣ ሙሉ ሞኮውን ተሸክሞ ነበር። ጋዜጦች ስለ ፊቱ ብዙ ጻፉ፤ ሠዓሊዎችም ሣሉት። ንግሥቲቱ ግን አላነጋገረችውም፤ ጉዳዩ የኒውዚላንድ መንግሥት ነው ተብሎ ተመለሰ። ለመሬት መልቀቂያ ፊርማ ሲሆን የተነበበው ፊት፣ መሬት ለማስመለስ አቤት ሲል የሚያነበው ጠፋ።

የ1907ቱ ሕግ

በ1896 በተደረገው ቈጠራ የማኦሪዎች ቍጥር ወደ 42,000 ወርዶ ተገኘ። ጦርነት፣ ከአውሮፓ የመጡ በሽታዎችና የመሬት መነጠቅ ያደረሱት ጥፋት ነበር። ብዙ ሰዎች ነገዱ ይጠፋል ብለው አመኑ። ጎትፍሪድ ሊንዳወርና ቻርልስ ጎልዲ የተባሉት ሠዓሊዎች ባለ ሞኮ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን እየፈለጉ ይሥሉ ነበር፤ የጎልዲ ሥዕሎች በተለይ የሚሰናበት ሕዝብ ሐዘን የሰፈነባቸው ናቸው።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ በ1907 የቶሁንጋ ማገጃ ሕግ የተባለው ዐዋጅ ወጣ። ሕጉ ቶሁንጋዎች በመንፈሳዊ ኃይል እንፈውሳለን፣ የወደፊቱን እንናገራለን እያሉ ሕዝብ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። ስለ ሞኮ በስም የተናገረው ነገር የለም። ዳሩ ግን የትውፊት፣ የፈውስ፣ የጸሎትና የንቅሳት ዕውቀት በአንድ ማዕርግ ሥር ተሳስሮ የኖረ በመሆኑ፣ የቶሁንጋነትን ስም የወንጀል ስም ማድረግ ጥላውን በዕውቀቱ ሁሉ ላይ አሳረፈ።

ይህን ሕግ የባዕድ ተንኰል ብቻ አድርጎ መተረክ ቀላል፣ ነገር ግን ስሕተት ይሆን ነበር። ሕጉን ለምክር ቤት ያቀረበው ጄምስ ካሮል በእናቱ ማኦሪ ነበር። በ1899 በቺካጎ በሕክምና የተመረቀው የመጀመሪያው ማኦሪ ሐኪም ማዊ ፖማሬም ደግፎታል። ፖማሬ በየመንደሩ እየዞረ ወገኖቹ በትኩሳትና በሳንባ ነቀርሳ ሲያልቁ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር፤ በሽተኛን በቀዝቃዛ ውኃ የሚነክር አስመሳይ ፈዋሽ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስም ያውቅ ነበር። ጭንቀቱ እውነተኛ ነበር። የሕጉ ጕድለት ሌላ ነው፤ አስመሳዩን ከዐዋቂው፣ ጐጂውን ልማድ ከክብር ምልክቱ ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቀለለ። ሕጉ የተሻረው በ1962 ነው። እስከዚያ ድረስ ባሉት 55 ዓመታት ብዙ ዐዋቂዎች ዕውቀታቸውን ሳያስተላልፉ ሞተዋል። በመሮ የተቀረጸ ሙሉ የፊት ሞኮ የነበራቸው የመጨረሻዎቹ ወንዶችም በዚሁ ዘመን አልፈዋል።

አያቶች የጠበቁት

ጥበቡ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ያቆዩት ሴቶች ናቸው።

የወንዶቹ ሞኮ ካቆመ በኋላም የሴቶቹ ሞኮ ካዋኤ ቀጥሎ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መሮው ቀርቶ በመርፌ የሚሠራ ሆነ፤ ሕመሙ ቀነሰ፤ ቁስሉም ቶሎ የሚድን ሆነ። ነቃሾች ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ፣ በዘመድ ቤት ተቀምጠው፣ ብዙ ሴቶችን በአንድ ጊዜ ይነቅሱ ነበር። ከእነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ ዐደባባይ የወጡ አርበኞች አልነበሩም፤ ዐዋጅ አላወጁም፤ ሰልፍም አልመሩም። በማኦሪዎች መሰብሰቢያ ስፍራ እንግዳ ሲመጣ የአቀባበሉን ጥሪ የምታሰማው ሴት ናት፤ ለቅሶውንም የምትመራው ሴት ናት። ይህን አገልግሎት የምትፈጽም ሴት የአያቶቿን ምልክት በአገጯ ላይ ልታኖር ይገባታል ብለው አመኑ፤ ስላመኑም ተነቀሱ። በከተማ መንገድ ላይ ልጆች እየጠቈሙ ሲሥቁባቸው፣ የሥራ ቤት በር ሲዘጋባቸው፣ በአገጫቸው ላይ ያለውን ምልክት መመለስ አይቻልምና ታግሠው አለፉ።

ታሪክ ጸሐፊው ማይክል ኪንግና ፎቶግራፍ አንሺዋ ማርቲ ፍሪድላንደር በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ የእነዚህን አሮጊቶች ፊትና ታሪክ ሰብስበው አቆዩ። በዚያን ጊዜ ብዙ አንባቢ መጽሐፉን እንደ መሰናበቻ ነበር የተመለከተው።

ነገሩ ግን የመሰናበቻ አልሆነም። በመስከረም 1975፣ የ79 ዓመቷ ፊና ኩፐር አንዲት የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ከሰሜን ጫፍ እስከ ዋና ከተማው ዌሊንግተን 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የመሬት ጥያቄ ጉዞ አስጀመሩ። በዚያው ዓመት በዋይታንጊ ውል ላይ የሚቀርብ አቤቱታን የሚመረምር የዳኝነት ጉባኤ በሕግ ተቋቋመ። በ1987 የማኦሪ ቋንቋ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ቋንቋና መሬት ሲጠየቁ ፊትም ተከተለ፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወጣት ወንዶችና ሴቶች እንደ ገና ሞኮ መነቀስ ጀመሩ። ጠፍቶ የነበረው የመሮው ጥበብም፣ ንቅሳታቸው ሳይቋረጥ በኖረው በሳሞአ ባለሙያዎች እገዛ ጭምር፣ ተመልሶ መጣ።

ይህም ትንሣኤ ያለ ችግር አልተፈጸመም። በእነዚያው ዓመታት በከተማ የተደራጁ የወንበዴ ቡድኖች አባሎቻቸው ፊት ላይ የቡድናቸውን ምልክት ያስነቅሱ ነበርና፣ ብዙ ሰው ባለ ሞኮውን ከወንበዴው መለየት አቃተው። የአገሪቱ ትልቁ አየር መንገድ የሚታይ ንቅሳት ያለበትን ሰው በሠራተኝነት መቀበል የጀመረው በ2019 ነው፤ አየር መንገዱ ግን ከዚያ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ በአውሮፕላኖቹ ላይ የማኦሪን ጌጥ ዓርማው አድርጎ ይበር ነበር። ምልክቱ በአውሮፕላኑ ጭራ ላይ ሲሆን የአገር መለያ፣ በአስተናጋጁ ክንድ ላይ ሲሆን ነውር ነበር ማለት ነው።

የተመለሱት ፊቶች

ሆራሺዮ ሮብሊ የተባለ የእንግሊዝ መኰንን በ1864 በማኦሪዎች ላይ ከዘመተ በኋላ፣ ስለ ሞኮ መጽሐፍ ጻፈ፤ የደረቁ ራሶችንም ይሰበስብ ጀመር። ስብስቡን የኒውዚላንድ መንግሥት እንዲገዛው ቢጠይቅ መንግሥት ሳይስማማ ቀረ። በመጨረሻም አብዛኛውን በኒው ዮርክ ለሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ሸጠ። ሽያጩ የተፈጸመው በ1907 ነበር። የሕያዋን ቶሁንጋዎች ዕውቀት በሕግ በተከለከለበት በዚያው ዓመት፣ የሙታኑ ፊት በባሕር ማዶ የሳይንስ ሀብት ሆነ።

የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ከ2003 ጀምሮ እነዚህን ራሶች ለማስመለስ በመንግሥት ሥልጣን ይሠራል። በፈረንሳይ የሩዋን ከተማ በ2007 አንድ ራስ ለመመለስ ሲወስን፣ የመንግሥት ቅርስ ነው ተብሎ በፍርድ ቤት ታገደ። የፈረንሳይ ምክር ቤት በ2010 ልዩ ሕግ አወጣ፤ የሩዋኑ ራስ በ2011፣ ሌሎች 20 ራሶች ደግሞ በ2012 ተመለሱ። ከኒው ዮርኩ ቤተ መዘክርም ከ30 የሚበልጡ ራሶች በ2014 ወደ አገራቸው ገቡ። የተቀበሏቸው በለቅሶና በጥሪ ነው፤ ዕቃ ሳይሆን ዘመድ የሚቀበሉበት ሥርዓት ነውና። ዛሬም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ለትርኢት አይቀርቡም።

እዚህም ላይ ኢትዮጵያዊው አንባቢ የራሱን ያስታውሳል። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ፣ ከራሳቸው ላይ ተሸልቶ እንደ ማስታወሻ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ፀጕር ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2019 ነው። የማኦሪው ራስና የንጉሠ ነገሥቱ ፀጕር ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ድል አድራጊ የተሸናፊውን አካል የሚወስደው፣ በአካሉ ላይ ያለው ምልክት ኃይል እንዳለው በልቡ ስለሚያውቅ ነው።

ንጉሥ ታፊያኦ በ1884 ያቀረበው አቤቱታ 111 ዓመት ጠበቀ። የዋይካቶ ነገዶች ጥያቄ በድርድር ሲያልቅ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ በኅዳር 1995 ዌሊንግተን ላይ የዘውዱን ይቅርታና ካሣ የያዘውን ሕግ በገዛ እጃቸው ፈረሙ። ድርድሩን በነገዶቹ በኩል የመሩት ሮበርት ማሁታ ነበሩ። ልጃቸው ናናያ ማሁታ በ2016 ሞኮ ካዋኤ ተነቀሱ፤ በኒውዚላንድ ምክር ቤትም ይህን ምልክት የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ2020 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2023ም አገልግለዋል። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ኦሪኒ ካይፓራ በአገጯ ላይ ያለውን ሞኮ ይዛ የምሽቱን ዋና የቴሌቪዥን ዜና አነበበች። በ2023 በተደረገው ቈጠራ የማኦሪዎች ቍጥር ከ880,000 በልጦ ተገኘ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ረጅም ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ አንድ ምልክት ሁልጊዜ አንድ ነገር አይናገርም የሚለው ነው። ሞኮ በአለቃው ፊት ላይ ማዕርግ፣ በባሪያው ፊት ላይ የሞት ፍርድ፣ በውሉ ወረቀት ላይ ፊርማ፣ በንጉሡ ፊት ላይ አቤቱታ፣ በአሮጊቷ አገጭ ላይ ትዕግሥት ነበር። ይህን ሁሉ ያለያየው ከመሥመሩ በስተጀርባ የነበረው ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ የማን ነው የሚለውም ጥያቄ ከጌጡ ውበትም ሆነ ከልማዱ ጥንታዊነት ይቀድማል።

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በደቡብ ኦሞ የምትኖረው የሙርሲ ሴት በከንፈሯ ስለምታኖረው የሸክላ ገል፣ ፎቶግራፍ ሊያነሣት ከሩቅ የመጣው ጐብኚም፣ ልማዱን እንድትተው የሚመክራት ሹምም ብዙ ይናገራሉ፤ እርሷ ራሷ የምትለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሰሜንም አንገቷን በሻሽ የምትሸፍነው እናት ምልክቷን በማን ዓይን እያየች እንደምትሸፍነው ሊጠየቅ ይገባል። በንጹሕ ባልሆነ መርፌ የሚደረግ ንቅሳት በሽታ ያስተላልፋልና፣ የጤና ባለሙያ ማስጠንቀቁ ግዴታው ነው፤ በፈቃዷ ላልሆነች ልጅም ሕግ ሊቆምላት ይገባል። የ1907ቱ ሕግ የሚያሳስበው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ መርፌውን ማንጻት አንድ ነገር፣ ፊቱን ማሳፈር ሌላ ነገር ነው። ፖማሬና ጓደኞቹ ሕዝባቸውን ከበሽታ ለማዳን ሲደክሙ፣ ሕዝባቸው በፊቱ ላይ የጻፈውን ለማንበብ ጊዜ አላገኙም። የጻፉትን ጠብቀው ለልጅ ልጆቻቸው ያቆዩት፣ ማንም ያልጠየቃቸው አያቶች ናቸው።